የተሸበሸበው ናሙና

እጁ አይሳሳትም። ቤተ ሙከራችን ውስጥ ናሙና ቆራጩ እሱ ነው፤ ከሰው አንጀት የወጣውን ሥጋ በሰም ያደርቅና፣ ከፀጉር አሳስቶ ቆርጦ መስታወት ላይ ያነጥፈዋል። እኔ በማይክሮስኮፕ አየዋለሁ። የትልቁ አንጀት ካንሰር እንዴት እንደሚጀምር ነው የምናጠናው። የታካሚው ስም አይነገረኝም፤ ልቤ እንዳያዳላ ቁጥር ብቻ ይሰጠኛል።

ልቤ ግን ወደ ቆራጩ ካዳላ ቆይቷል። እሱም እንደሚወደኝ አውቃለሁ፤ ዓይኑ መደበቅ አይችልበትም። የትዳር ነገር ሲነሳ ነው የሚሸሸው።

«አባቴን የወሰደው ይሄ በሽታ ነው። ታላቅ ወንድሜንም እንደዚያው። ነገ አልቅሰሽ እንድትቀብሪኝ ነው የማገባሽ?»

«ተመርመራ!»

«እሺ» ይላል። እሺታው ከአንገት በላይ ነው።

አንድ ጠዋት ካመጣቸው መስታወቶች በአንዱ ላይ ያለው ናሙና ተሸብሽቦ፣ ዳሩ ተቀዶ አገኘሁት።

«ጌታው፣ ይሄን በእግርህ ነው እንዴ የቆረጥከው?»

ሌላ ጊዜ በአፍ አይሸነፍም። ያን ቀን እጆቹን ኪሱ ከተተ። ያኔ ገባኝ።

«ያንተ ነው?»

«ተመረመርኩ» አለ ቀስ ብሎ። «ካወጡልኝ ሥጋ ላይ ለጥናቱ ሰጠሁ። ውጤቱን ከሌላ ሰው አፍ መስማት አልፈለግሁም።»

ፈራሁ። ሥራዬን ግን አውቃለሁ። ማይክሮስኮፑ ለሁለት ሰው የሚሆን ነው፤ እሱን ፊት ለፊቴ አስቀመጥኩት። ግንባራችን ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ከዳር እስከ ዳር አየሁ። እንደገና አየሁ።

«ትንሽ እብጠት ናት» አልኩት። «ብትተዋት ከዓመታት በኋላ ካንሰር ልትሆን ትችል ነበር። ገና አልሆነችም። ሥሯ ጋ እይ፤ ዙሪያው ጤነኛ ነው። ሙሉ በሙሉ ወጥታለች።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በሥራዬ ስቀልድ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ሌላ ልታበቅል ስለምትችል በየጊዜው ትመረመራለህ። እጅህን ይዤ የምወስድህ እኔ ነኝ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክናረጅ።»

ሳቀ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ የኔም።

በሠርጋችን ቀን ቀለበት ሲያጠልቅልኝ እጁ ተንቀጠቀጠ። እንግዶቹ «ሙሽራው ፈራ!» ብለው ሳቁበት። እኔ አልሳቅሁም። ያ እጅ የሚንቀጠቀጠው የራሱ የሆነውን ሲነካ ብቻ ነው።