ከመስታወት ውስጥ የወጣችው ጥንቸል

ሱዙ ኪሞኖውን፣ የጃፓኑን የክት ቀሚስ፣ ስታይ ፎቶ ቤቱን በጩኸት አቀለጠችው። እናቷ በሦስት ዓመቷ ፎቶ የተነሣችበት ቀይ ልብስ ነበር፤ አሁን ሱዙም ሦስት ሞላት። በጃፓን ሴት ልጆች ሦስትና ሰባት ዓመት ሲሞላቸው በኅዳር እንዲህ ለብሰው ፎቶ ይነሣሉ። እናትዬው ከሞተች ዓመት ከመንፈቅ አልፏታል። አባቷ ሬንጂ ላገኘው ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃል።

ቺሆ በዚያ የካናዛዋ ከተማ ፎቶ ቤት ልጆች ስታለብስ ስምንት ኅዳር አልፎባታል፤ የሚያለቅስ ልጅ እንደማይጎተት ታውቃለች። ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና መጀመሪያ የሱዙ የጨርቅ ጥንቸል ለብሳ ፎቶ ትነሣ አለች። ልቅሶው ጋብ አለ። ቁራጭ ጨርቅ ለሬንጂ ሰጥታ እንዲያለብሳት ነገረችው።

አለበሳት። በጥንቃቄ፣ የቀኙን ጫፍ ከግራው በላይ አድርጎ።

ፎቶ አንሺዋ አሮጊት ክው አሉ። በአገራቸው ሕያው ሰው ግራውን ከላይ አድርጎ ይለብሳል፤ ቀኙ ከላይ የሚውለው ለሬሳ ብቻ ነው። ሬንጂም ያደረገውን አየው፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«መጨረሻ ያለበስኳት እናቷን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እጄ ሌላ አያውቅም፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ቺሆ ወደ ልጅቱ ዞረች።

«ሱዙዬ፣ ጥንቸልሽ እኮ መስታወት ውስጥ ገብታ ነው። መስታወት ውስጥ ግራና ቀኝ ይገለበጣል። ነይ እናውጣት» አለችና እጇን የሬንጂ እጅ ላይ አድርጋ ግራውን ወደ ላይ አመጣችው። እጇን ለማንሣት አልቸኮለችም፤ እሱም አልሸሸም።

ሱዙ አየት አደረገቻቸው። «እኔንም አውጡኝ» አለች፤ ለበሰችም፣ ፎቶ ተነሣችም።

ሬንጂ ፎቶውን ሊወስድ ግን አልመጣም። አሮጊቷ በፖስታ ይላክ ሲሉ ቺሆ አድራሻው አይነበብም ብላ ዋሸች። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ፖስታው ከሄደ ሰውየውም በዚያው እንዳይቀርባት ፈርታ ነው።

በረዶው ሲቀልጥ መጣ። ከቦርሳው ጥንቸሏን አወጣ፤ ግራው ከላይ ነው፤ ጨርቁ ከመታጠፍ ብዛት ነትቧል።

«እሷን አውጥቻታለሁ» አለ። «እኔ ግን ብቻዬን መውጣት አቃተኝ። እጅሽን አትነፍጊኝ።»

እስከዚያን ቀን «እርስዎ» ነበር የሚላት።

«አድራሻህ ይነበብ ነበር» አለችው። «ሆን ብዬ ነው ያልላክሁት።» ከዚያም እጇን ዘረጋችለት።

ሱዙ ሰባት ሲሞላት፣ አሁን ባልና ሚስት የሆኑት ሬንጂና ቺሆ የእናቷን የሰባት ዓመት ኪሞኖ አወጡላት። ሬንጂ ራሱ ግራውን ከላይ አጠፈላት። ልጅቱ መስታወቱን ትክ ብላ አየች።

«እዚያ ውስጥ ቀኙ ነው ከላይ» አለች። «እማዬ እንደዚያ ነው የለበሰችው፣ አይደል አባዬ?»

«አዎ» አለ ሬንጂ።

ሱዙ ለመስታወቱ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች። ከዚያም እስከዚያን ዕለት በስሟ ብቻ ትጠራት ወደነበረችው ወደ ቺሆ ዞረች።

«እማ፣ መቀነቴን እሰሪልኝ» አለቻት።

በዚህ ሥራ የታወቀችው ቺሆ መቀነቱን ሦስት ጊዜ ፈትታ አሰረችው።