በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ

ትርሲት እግሯ ተሰብሮ ጀሶ ከታሰረላት ወዲህ፣ ታናሽ እህቷ ሐመልማል ጠዋት ጠዋት ቁርሷን አቅርባ፣ ክራንቿን ከሶፋው አስደግፋ፣ የኮንዶሚኒየሙን በር ከውጭ ቆልፋ ወደ ሥራ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን የጌም ነው። ሐመልማል ከሥራ ባልደረባዋ ተውሳ ያመጣችላት፣ በእጅ የሚያዝ፣ ጠርዙ የተፋፋቀ የድሮ መጫወቻ ነበር። ጌሙን እህትማማቾቹ በልጅነታቸው ያውቁታል፤ አውሬ እያሠለጠኑ አገር ላገር የሚዞሩበት ነው። ይሄኛውን ግን ማንነታቸው ያልታወቀ የጌሙ አፍቃሪዎች እንደገና ሠርተውታል። ንግግሩን ወደ አማርኛ መልሰው፣ ከተሞቹን ቀይረው፣ መነሻውን አንዲት ጠባብ ቤት አድርገውታል።

ከዚያች ቤት መውጣት አልተቻለም። በሩ ላይ ካፖርት የደረበ ሽማግሌ ዘበኛ ጀርባውን ለክፍሉ፣ ፊቱን ለበሩ ሰጥቶ ቆሟል። ስትጠጋው “ተመለሽ” ይላታል። ስትገጥመው ደግሞ ጓዳ ውስጥ ከአይጥ ጋር እያዋጋች በስንት ልፋት ያሳደገችውን ጃርት በአንድ ምት ይዘርርባታል። እንደገና ከአልጋው ትነሳለች፤ እንደገና ጓዳ፣ እንደገና አይጥ።

“ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ጌም ይሠራል?” አለች ለሐመልማል ስልክ ደውላ። “ከበሩ አያሳልፈኝም'ኮ!”

“እንዲያረጋጋሽ ብዬ ነበር ያመጣሁልሽ” አለች ሐመልማል እየሳቀች። “ተዪዋ፣ እህቴ። ትንሽ ተኚ።”

አልተወችውም። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር፤ መብራት ጠፋ፤ ሳሎኑ ውስጥ የቀረው የመጫወቻው አረንጓዴ ብርሃን ብቻ ሆነ። ትርሲት ያን ጊዜ ነው ጭረቱን ያስተዋለችው። ጥፍር እንጨት ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ ያርፍና ደግሞ ሲወርድ፣ ከጌሙ በር በስተጀርባ የሚመጣ የሚመስል የታፈነ ድምፅ። ጭረቱ ሰለቻትና ድምፁን እስከ መጨረሻው ቀነሰችው።

ጭረቱ አልቀነሰም።

የጎረቤት ድመት ዝናብ ሸሽታ ኮሪደሩ ላይ ተጠግታ ይሆናል አለች በልቧ፤ ድመት ግን ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ ጉድጓድ ክዳኑ ሲነሳ የሚወጣውን ያንን እርጥብ፣ ጉሮሮ የሚይዝ፣ አሁን በበሩ ሥር የሚገባውን ሽታ አትሸትም። ተነስታ እንዳታይ እግሯ አይታዘዝም። ንዴቷን ዘበኛው ላይ ልትወጣ ተመለሰች።

“ተመለሽ፣ ልጄ” አላት አሁን።

ተሸነፈች። ጥርሷን ነክሳ ጃርቱን መልሳ አሳደገች፤ ጣቷ እስኪደነዝዝ ቁልፉን ደበደበች።

“እባክሽ፣ ዛሬ ይቅር።”

“ይለምነኛል ደግሞ!” ብላ ጮኸች ባዶው ሳሎን ውስጥ። ጩኸቷ ሲያበቃ ጭረቱ ቀጥ አለ፤ የሆነ ነገር ጆሮውን የደቀነ ይመስል። ወዲያው ጀመረ፤ አሁን ከበሩ ታችኛው ጠርዝ፣ ፈጠን ፈጠን እያለ።

ጃርቱ በመጨረሻ እሾኹን ነሰነሰና ዘበኛው ተንበረከከ። ትርሲት “ይኸው!” ብላ ሶፋውን በጡጫ መታች፤ ያ ሁሉ ብስጭት ከደረቷ ላይ ተነሣላት። በስክሪኑ ላይ በሩ ማንም ሳይነካው ተከፈተ፤ ከወዲያ ማዶ መንገድ አልነበረም፤ ጥቁር ነበር።

ጭረቱም ቆመ። በዝናቡ መሐል የገዛ ቤታቸው ቁልፍ ቀስ ብሎ ሲዞር ሰማች።

“ሐመልማል?”

ያ ሽታ ብቻ ክፍሉን ሞላው፤ ከሶፋው ጀርባ የወለሉ ሴራሚክ ላይ እርጥብ ነገር ሲሳብ ይሰማል። ዞራ ላለማየት ዐይኗን ስክሪኑ ላይ ተከለች፤ የወደቀው ዘበኛ የመጨረሻ ቃሉ ፊደል በፊደል እየተጻፈ ነበር፦

“እኔ እዚህ የቆምኩት አንቺ እንዳትወጪ አልነበረም።”