ሱፍ አይታሽም

ደመና ያን ጊዜ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጠረጴዛው ሥር ይሁን አልጋው ሥር፣ የት እንደነበረች በቅጡ አታስታውስም፤ ብቻ ወለሉ ላይ ተጋድማ እናቷና አክስቷ ሲያወሩ ሰማች። ፊታቸው አይታያትም ነበር። የሚታያት እግራቸው ነው፤ የአንደኛዋ ነጠላ ጫማ ያጠለቀ፣ የሌላኛዋ ባዶ።

«እኔ የምለው፣ ይሄን ጨብራራ ፀጉር ከማን አመጣችው?»

«ከአባቷ ነዋ! ሌላ የሚያወርሳት ቢያጣ ይሄን አወረሳት።»

ተሳሳቁ። ከዚያ አንደኛዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ግን አየሽልኝ፣ ስናበጥራት አታለቅስም እኮ። ሌላ ልጅ ብትሆን ጎረቤት ይሰበሰብ ነበር» አለች።

ሌላኛዋ የመለሰችውን ነው ደመና እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት ልታገኘው ያልቻለችው። «ጎበዝ ናት» ነበር ያለችው? ወይስ «ይሄስ ደግ አይደለም»? ሁለቱም ጆሮዋ ውስጥ አሉ። እናቷን መጠየቅ ትችል ነበር፤ ጠይቃት አታውቅም። «ጎበዝ ናት» የሚለውን ያዘች፤ ከዚያ ወዲህ ሲያበጥሯት አልቅሳ አታውቅም።

አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እሁድ ከምሳ በኋላ አጭሯ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እናቷ ከኋላዋ ወንበር ስባ ፀጉሯን በቁራጭ በቁራጭ እየከፈለች በፒያስትራ ትተኩሳለች። ክፍሉ የተቃጠለ ቅባት ይሸታል።

እናቷ የምትሠራው ሆቴል ውስጥ፣ ላውንደሪ ነው። አንሶላ ታጥባለች፣ አንሶላ ትተኩሳለች። ሳምንቱን ሙሉ ሳይነጋ ወጥታ ማታ ስትመለስ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ፣ የጎረሰችውን ሳትውጥ እንቅልፍ ይወስዳታል። የእሁዷ ሰዓት ግን የሁለቱ ናት። እጇ ሥራ ሲይዝ አፏ ይፈታል፤ የሳምንቱን ወሬ ሁሉ ለዚች ሰዓት ታጠራቅማለች።

«አንዱ እንግዳ የውሻውን ካፖርት ላከልን አልኩሽ?»

«የውሻውን?»

«የውሻውን! ደግሞ ኪስ አለው። ‹ውሻ በኪስ ምን ይይዛል?› ብል አዲሷ ሠራተኛ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹መታወቂያውን ይሆናላ!›»

ደመና ሳቀች። ስትስቅ ራሷ ወደ ጎን ዘመም አለ፤ ፒያስትራው የጆሮዋን ጫፍ ነካው። ጭስስ ሲል ሰማችው። መንካቱን አውቃለች። ያወቀችው ግን ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ውጭ ዝናብ መጣሉን እንደሚያውቅ ነው። አልተነቃነቀችም። «ኡ» ብትል እናቷ ፒያስትራውን ትነቅላለች፣ ቅባት ትፈልጋለች፣ ራሷን ትረግማለች፤ ከዚያ «በቃ ደክሞኛል፣ ጋደም ልበል» ትላለች። የውሻው ነገርም እዚያው ተቆርጦ ይቀራል።

«ታዲያ ካፖርቱን ምን አደረጋችሁት?» አለች።

ሰኞ ጠዋት ጭጋግ ነበር። የትምህርት ቤቱ በር ጋ ስትደርስ ፀጉሯ ከሥሩ ተነስቷል፤ የእሁዱ ልፋት ሁሉ መንገድ ላይ ቀርቷል። ክፍል ስትገባ ከኋላ ያለው ቡድን እንደ ልማዱ ተቀበላት።

«ደመናው መጣ! ልብስ ያሰጣችሁ አስገቡ!»

ክፍሉ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። የት ቦታ ላይ መሳቅ እንዳለባት እንደ መዝሙር አዝማች ታውቀዋለች። ድሮ እንዲህ ሲሏት ይከፋት ነበር። አሁን እሱም የለም።

ከጎኗ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ሬዲዮ ትባላለች። ስሙን ያወጡላት አንድ መምህር ናቸው፤ ማጥፊያው የት እንደሆነ ፈልገው ስላጡት።

«ስሚ፣ ስሚ፣ ትናንት ያ የጎረቤታችን ልጅ የሠራውን…» ብላ ጀምራ ቆመች። «ጆሮሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ፒያስትራ።»

«ውሃ ቋጥሯል እኮ! ጩኸትሽ እኛ ቤት ድረስ ሳይሰማ እንዴት ቀረ?»

«አልጮህኩም።»

«እናትሽስ ምን አለች?»

«አላየችም።»

ሬዲዮ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ከፊት ያለው ልጅ ዝምታው ግራ አጋብቶት ዞረና፣ «ምነው፣ መብራት ጠፋ እንዴ?» አለ።

በእረፍት ሰዓት ሬዲዮ ግድግዳ ሥር አስቀምጣት ፀጉሯን በጣቷ እየገለጠች መረመረችው። «እዚህ ጋ ሳስቷል። ይኸው፣ ተቆርጧል። ይሄ ነገር እኮ ፀጉርሽን እያራገፈው ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ በቃኝ አትያትም?»

«እላታለሁ።»

«መቼ?»

«አንድ ቀን።»

«መላጣ ስትሆኚ? ያኔማ ደመና መባልሽ ይቀርና ፀሐይ እንልሻለን።»

ደመና ሳቀች። ይሄኛው እንኳ የእውነት ሳቅ ነበር።

ለሬዲዮ ያልነገረቻት ነገር አለ። «በቃኝ» ማለቱ ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ፒያስትራው መሳቢያ ውስጥ ከገባ እሁድ ምን ይሆናል? እናቷ ትተኛለች። መተኛት መብቷ ነው፤ ማን ይከለክላታል? ግን የእናቷን እጅ ራሷ ላይ የሚያቆየው ያ የጋለ ብረት ብቻ ነው። አንድ ጆሮ በአንድ ሰዓት፤ ደመና መዝናው ውድ አልሆነባትም። ውድ አለመሆኑ ግን ትንሽ ገረማት።

ሐሙስ እናቷ መነጽሯን ቤት ረስታ ሄደች። ደመና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ይዛላት በሆቴሉ የጓሮ በር ገባች። ላውንደሪው ከምድር በታች ነው፤ ገና ደረጃው ላይ ሙቀቱ ፊት ይመታል። ማሽኖቹ ስለሚጮኹ ሰው ሁሉ የሚያወራው እየጮኸ ነው።

እናቷ ገንዳው አጠገብ ቆማለች። ከጎኗ አዲሷ፣ ገና ሥራ የጀመረችው ሴት፣ አንድ ወፍራም የሱፍ ሹራብ በሁለት እጇ ይዛ ጉልበቷ እስኪያልቅ ትፈትገዋለች።

«ኧረ ተይ! ተይ እህቴ፣ ምን አደረገሽ? ሱፍ እኮ አይታሽም።»

«ቆሻሻው እንዲለቅ ብዬ ነዋ።»

«ሱፍ ይለመናል እንጂ አይታሽም። ወዲህ በይው፣ እየውልሽ። ውሃው ለብ ይበል። ጨመቅ፣ ለቀቅ። እንዳታጠማዝዢው። ስታወጪው ፎጣ ላይ ዘርግተሽ ትጫኚዋለሽ፤ ውሃውን ፎጣው ይጠጣው። ከዚያ ጋደም ብሎ ይድረቅ፣ አትነካኪው።»

«ካውያስ?»

«እሳትማ አታሳዪው! በእሳት የደረቀ እንደ ጠማው ይቀራል። የጠማው ነገር ደግሞ ታውቂ የለ፣ ትንሽ እርጥበት ባየ ቁጥር ብድግ ይላል፤ ከአየሩ ላይ ሊጠጣ። ያኔ ነው የሚንጨባረረው። ፀጉር እኮ ነው እህቴ፤ በግ ላይ ስለበቀለ ተናቀ እንጂ።»

ደመና በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። የምታየው የእናቷን እጆች ነው። ሹራቡን ከሥሩ ደግፈው አነሱት፤ የተኛ ሕፃን ከአልጋ የሚያነሱ ይመስል ነበር። እነዚህ እጆች እንዲህ ቀስ ማለት እንደሚያውቁ አታውቅም ነበር። ቤት ውስጥ ራሷን ሲያጥቧት ፍትግ፣ በፎጣ ፍትግ፣ ከደረቀ በኋላ በማበጠሪያ ከላይ እስከ ታች ስብ፣ ከዚያ እሳት። ሰኞ ሰኞ ጭጋግ ውስጥ ብድግ የሚለውን ነገር አሰበች። ለካስ ጠምቶት ነው።

ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ተነካ። ንዴት አልነበረም። ደንዝዞ የቆየ እግር ሊነቃ ሲል፣ ገና መውረር ሳይጀምረው በፊት ያለው ስሜት ዓይነት ነው።

«መነጽርሽ» አለች።

«ውይ የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥሽ። ምሳ በላሽ?»

«በላሁ።»

እሁድ ደረሰ። እናቷ ፒያስትራውን ሰካችና «ተመስገን» ብላ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። በርጩማዋን በእግሯ ገፋ አደረገችላት። «ነይ ቁጭ በይ። የውሻው ባለቤት ደግሞ ምን ብሎ እንደ መጣ ልንገርሽ?»

ደመና ተቀመጠች። ወሬው እንዲያልቅ ልትጠብቅ አሰበች። ካለቀ ግን ሌላ ይመጣል፤ ሳምንትም እንዲሁ፣ የሚቀጥለውም እንዲሁ።

«እማ፣ ዛሬ ይቅር።»

«ምኑ?»

«ፒያስትራው።»

«ነገ ትምህርት አለሽ እኮ። እንዲህ ተንጨባርረሽ ልትሄጂ? ሰው እናት የላትም እንዴ ይላል።»

ይሄኔ ነበር «እሺ» የምትለው። ቃሉ አፏ ድረስ መጥቷል። ከመናገር ይልቅ በርጩማዋ ላይ ዞረችና ፀጉሯን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አደረገች። ውሃ የቋጠረው ቦታ ፈንድቶ ጠቁሯል።

እናቷ መነጽሯን ፈልጋ አደረገች። ጎንበስ ብላ ተመለከተች።

«ይሄ መቼ ነው?»

«ባለፈው እሁድ። የውሻውን ካፖርት ስትነግሪኝ።»

«እኔ? እኔ ነኝ ያቃጠልኩሽ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? ምነው አልጮህሽም? ሰው ሲቃጠል ይጮሃል እኮ!» የምትጮኸው ራሷ ነበረች። ፒያስትራውን ነቅላ ወለሉ ላይ፣ ከሁለቱም ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው።

«አላውቅም» አለች ደመና። እውነቷን ነው። ትንሽ ቆየችና ጨመረችበት። «ከጮህኩ ታቆሚያለሽ። ካቆምሽ ደግሞ ትተኛለሽ… ትተኚያለሽ።» ምላሷ ተወላግዶባት ነበር።

እናቷ አልጋውን አየች፤ ከዚያ የራሷን እጅ። «ፈጣሪዬ» አለች ቀስ ብላ። ለደመና አልነበረም የተናገረችው።

«ምንም አይደል እማ። ጋደም በይ፣ ደክሞሻል።»

«ዝም በይ አንቺ!» አለችና ወዲያው እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አይ፣ ዝም አትበይ። ይልቅ ንገሪኝ። ምን ላድርግ?»

«እንደ ሱፉ እጠቢኝ።»

«እንደ ምኑ?»

«ሐሙስ ለአዲሷ እንዳሳየሻት። ለብ ባለ ውሃ። ሳታሺ፣ ሳታጠማዝዢ፣ እሳት ሳታሳዪው።»

እናቷ በአፍንጫዋ ሳቀች። «አሁን አንቺ ሹራብ ነሽ?» ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም። ፀጉሯን በሁለት ጣቷ ይዛ ጫፉን አሸት፣ ለቀቅ አደረገችው፤ ጨርቅ እንደምትመረምር። «ዕድሜ ልኬን የሰው ሹራብ ስለማመጥ…» አለችና ሳትጨርሰው ውሃ ልታሞቅ ተነሳች።

ሳፋው ውስጥ አጠበቻት። እንግዶች ትተዋቸው ከሚሄዱት ትንንሽ ጠርሙሶች ኮንዲሽነሩን መርጣ እስከ ጫፉ ድረስ ቀባቻት። ፎጣውን አንስታ መልሳ ሰቀለችው፤ በምትኩ ያረጀ የጥጥ ካናቴራ አምጥታ ፀጉሯን ቀስ አድርጋ ተጫነችበት። ፀጉሩ ገና እርጥብ ሳለ መዳፏ ላይ ዘይት ጠብ አድርጋ አሻሸችና ፀጉሯ ላይ አሳረፈችው። ከዚያ ጥርሱ ሰፋፊ የሆነውን ማበጠሪያ ይዛ ከኋላዋ ተቀመጠች።

«እንዳትታለዪ» አለቻት፤ «ነገ ጭጋግ ከሆነ መነሳቱ አይቀርም። የተጎዳው እስኪያድግ ስንት ጊዜ አለው።»

«ይነሳ።»

«ልጆቹስ አይስቁብሽም?»

«ይስቃሉ።»

እናቷ ይህን እስከ ዛሬ አልሰማችም ነበር። ማበጠሪያውን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«እሁድ እሁድ እንዲህ እናደርጋለን» አለች በመጨረሻ። «ፒያስትራውን ለአዲሷ እሰጣታለሁ፤ ሹራብ እንዳትተኩስበት እንጂ። ጋደም ብዬ ብታገኚኝ እንኳ ቀስቅሺኝ። ግን እኔም ካንቺ የምፈልገው አለ።»

«ምን?»

«ሲያምሽ ልትነግሪኝ።»

ደመና አሰበች። እናቷን መዋሸት አልፈለገችም። «ሁልጊዜ አላውቀውም እኮ፣ እማ።»

«እኔ እጠይቅሻለሁ። አንቺ ብቻ አስበሽ መልሺልኝ።»

«እሺ።»

ማበጠሪያው ከጫፉ ጀመረ። ጥቂት ወርዶ፣ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ አንገቷ አካባቢ አንድ ቋጠሮ ላይ ያዘ።

«ይሄስ?»

ደመና ዓይኗን ጨፍና ፈለገችው። እናቷ ሳትስብ ጠበቀች።

«ትንሽ» አለች። «ትንሽ ያማል።»

እናቷ ማበጠሪያውን አወጣችና ከጫፉ እንደገና ጀመረች።