የት ትሄዳለህ የማይባልበት ቤት

በእኛ መንደር ዓሣ ሊያጠምድ የሚወጣ ሰው «የት ትሄዳለህ?» ተብሎ አይጠየቅም። ዓሣ ጆሮ አለው፤ ከሰማ ይሸሻል። ባሕሩ ከሰማ ደግሞ... አይ፣ እሱስ ባይነገር ይሻላል። መረብ የተሸከመ ሰው በደጅህ ቢያልፍ ሰላም ትለዋለህ እንጂ ወዴት አትለውም። የሚጠይቅ ባለጌ ከገጠመውም «ልሸራሸር ነው» ብሎ ያልፋል፤ ጠንቃቃ ከሆነ ዕቃውን መልሶ ቤቱ ይውላል። በዚህ በሃዋይ ትልቋ ደሴት፣ ጥቁሩ ድንጋይ ከተራራው ፈስሶ ባሕር በገባበት ጠረፍ፣ ይህን ሳያውቅ የሚያድግ ልጅ የለም። ታዲያ ይህች የዋህ ልማድ ሁላችንም አክስቴ የምንላትን የሉዊካን ቤት እንዲህ ታፈርሰዋለች ብሎ ማን ጠረጠረ?

ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጎን ያለው፣ ጣሪያውን ዝገት የበላው ሰማያዊ ቤት ነው። የሉዊካ ባል ፒሊፖ ጠላቂ ነበር። የተቀደደ ነገር መጣል አይሆንለትም፤ ሁሉን በአሮጌ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ ጠፍሮ ዳግመኛ ያሠራዋል። ከባሕር ሲመለስ የመጥለቂያ መነጽሩን፣ ቢላዋውንና መብራቱን በንጹሕ ውሃ ያለቀልቅና በዚያው ላስቲክ አንድ ላይ ጠቅልሎ፣ ሁለቴ ጠምዝዞ ይቋጥርና ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ ይሰቅለዋል። «ለዛሬ አበቃሁ፣ ገብቻለሁ» ማለቱ ነው። ሉዊካ ያን ቋጠሮ ሳታይ የጎደሬ ገንፎውን አታቀርብም ነበር። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ሃናሌ የራሱ ጀልባ ያለው አጥማጅ ነው፣ እህቱ ማፑዋና ደግሞ እንግዶችን ይዛ ኮራል የሚባለውን የባሕር ሥር ድንጋይ ልታሳይ የምትጠልቅ አስጎብኚ ናት። ሀብት አልነበራቸውም፤ ሳቅ ግን ሞልቷቸው ነበር። ምነው ሳቅ ይበዛል!

የሃናሌ ልጅ አንደኛ ዓመቷን ልትይዝ ነበር። በእኛ ዘንድ የልጅ አንደኛ ዓመት እንደ ሠርግ ነው፤ መንደሩ ሁሉ ተጠርቶ ይበላል። ፒሊፖም ለድግሱ ሎብስተር፣ ያን ቅርፊታም ባለ ረጅም ቀንድ የባሕር እንስሳ፣ ሊያመጣ ተነሣ። ሎብስተር የሚገኘው ከኮራሉ ሥር ባሉት የላቫ ዋሻዎች ጣሪያ ላይ ነው። ጥንት የቀለጠው ድንጋይ ሲወርድ ላዩ ቀድሞ ረጋ፤ ውስጡ ፈስሶ ባዶውን ቀረ፤ እንደ ቧንቧ ረጅም፣ እንደ መቃብር ጨለማ። ማፑዋና አባቷ የአየር ሲሊንደሩን ሲሸከም አየችና የሥራ ልማዷ ቀደማት።

«አባዬ፣ የቱ ዋሻ ነው የምትገባው? መቼ እንጠብቅህ?»

ሉዊካ የምታጥበው ሳህን ከእጇ ወደቀ። «አፍሽን በቁርጥ ብይ! አንቺ ሟርተኛ!»

«እማ፣ እኛ እኮ እንግዶቹን እንኳ ለሰው ሳንናገር አናስገባም...»

«እንግዶችሽ ዓሣ አያጠምዱም! ዝም በይ ብያለሁ!»

ፒሊፖ ሳቀ። ሲሊንደሩን አስቀምጦ ጥቂት አመነታ፤ ተጠይቋልና መቅረት ነበረበት። ግን ድግሱ ነገ ነው... መልሶ አነሣው። የማፑዋናን ግንባር ሳመና «ልሸራሸር ነው፣ ሆዴ» ብሏት ወጣ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት እውነት ኖሯል!

መኪናው እንደ ወትሮው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆማ ተገኘች። ከዚያ የእግር መንገዱ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ይሄዳል። ወዴት ሄደ? ማን ጠይቆት ማን ይመልስ! ሰሜኑን ይወድ ነበር ተባለና ሰሜኑ ተፈለገ። እሱ በወጣበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ከደቡብ ማዕበል ተነሥቶ ነበር፤ ጠረፉን ቀናት ሙሉ ሲደበድበው ሰነበተ። ሲበርድ ፈላጊዎቹም ባርኔጣቸውን አውልቀው ተሰናበቱ። ለልደት የተተከለው ድንኳን ለለቅሶ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ጠላት ሆኑ። ሉዊካ ከለቅሶው መሀል ተነሥታ በሰው ፊት «አንቺ ጠይቀሽ ገደልሽብኝ!» አለቻት። ማፑዋናም አልቻለችም፤ «አንቺ ዝም አሰኝተሽ ገደልሽው!» ብላ መለሰች። አቤት ያ ቃል! ከአፍ ከወጣ በኋላ ማን ይመልሰዋል? ልጅቱ ዕቃዋን ጠቅልላ ተራራው ላይ ክፍል ተከራየች። ሉዊካ በባሕሩ በኩል ያሉትን መስኮቶች ሁሉ በጨርቅ ጋረደች። በኋላም መከራ ብቻውን አይመጣምና ኩላሊቷ ታመመ፤ ደሟን በማሽን እያጠቡላት ከሆስፒታል ቤት፣ ከቤት ሆስፒታል ሆነች። እንዲህ ሆነው ሁለት ዓመት አለፈ።

ማፑዋና ግን ተስፋ የምትቆርጥ ልጅ አልነበረችም። የእረፍት ቀኗን ሁሉ ጠረፉን ከጫፍ ጫፍ፣ ዋሻውን በየአፉ እያየች ጨረሰችው። አንድ ቀን በደቡብ በኩል፣ ማንም ባልፈለገበት ጎድጓዳ፣ ጠባብ የዋሻ አፍ ላይ የተሰነቀረ የመቅዘፊያ ጫማ አገኘች። ማሰሪያው የብስክሌት ጎማ ላስቲክ ነበር። መነጽሯ ውስጥ አለቀሰች፤ ከባሕር በታች እንባ የሚታየው ለባለቤቱ ብቻ ነው። ለሚመለከታቸው ብትናገር «ዋሻው ጠባብ ነው፣ ጣሪያው አያስተማምንም፤ ባሕሩ መቃብሩ ይሁንለት» አሏት። ለእነሱ ቀላል ነው! በእኛ ዘንድ አጥንት ከዘመዱ ጎን ካላረፈ በሕይወት ያለውም አያርፍም። በዚያው ሰሞን ሐኪሙ ሃናሌን ለብቻው ጠርቶ፣ እናታችሁ ብዙ አትቆይም አለው። ሃናሌም እህቱን እጇን ይዞ ወደ ሰማያዊው ቤት መለሳት።

ሉዊካ ልጇን አየቻት፤ አልሳመቻትም፤ ውጪም አላለቻትም። ስለ ጫማው ሲነግሯት ሃላ ከሚባለው ዛፍ የደረቀ ቅጠል አወጣችና ጥግ ይዛ ቅርጫት መጎንጎን ጀመረች። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። አጥንት የሚገባበት ቅርጫት መሆኑን ሁለቱም አውቀዋል።

ልጆቹ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠረፍ አደረጉት። «ይህ የሩዝ ድስት ቤተ ክርስቲያኑ ነው» አለች ማፑዋና፤ «ይህ የመመገቢያ እንጨት ዋሻው። የምንገባው ከድንጋዩ ላይ ዘለን ሳይሆን እዚህ፣ ከትንሿ ጠጠር ዳርቻ ነው። ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ከደቡብ ሞገድ በሌለበት ቀን።»

«እኔስ የቱ ጋ ነኝ?»

«አንተ ጨው ማስቀመጫው ነህ። ዋሻው አፍ ላይ ሆነህ ገመዱን ትይዝልኛለህ። አትገባም።»

«ኧረ ባክሽ! ባሕር ላይ ያደግሁት ሰውዬ ለፈረንጅ አስጎብኚ በር ጠባቂ ልሁን?»

«ትከሻህ አያስገባህማ። ገንፎውን ቀነስ ብታደርግ ኖሮ አብረን በገባን።»

ሁለቱም ሳቁና ወዲያው ደንግጠው ወደ ጥጉ ዞሩ። የእናታቸው ከንፈር ትንሽ ፈገግ ያለ መሰለ፤ ጣቶቿ ግን አላረፉም። ማፑዋና ቀጠለች። አየሩን ሦስት ቦታ ከፈለችው፤ አንዱ እጅ ለመግቢያ፣ አንዱ ለመውጫ፣ አንዱ ሞት እንኳ ቢመጣ የማይነካ። መብራት ሦስት፤ ሁለቱ ቢጠፉ አንዱ እንዲቀር። መሬቱን መርገጥ የለም፤ ደለሉ ከተነሣ ዓይን አይሠራምና።

«ሞገዱ ገፍቶ ሊያስገባኝ ከጀመረ እመለሳለሁ» አለች።

«አባባ ክንድ ፈቀቅ ብሎ ቢታይሽስ?»

«ቢታየኝም። አንድ ሰው ለማውጣት ሁለት አንቀብርም።» ቀጥላ ወደ ጥጉ ሳታይ ዝግ ብላ፣ «ዳር ላይ ግን ሰው ያስፈልጋል። የት እንደገባን፣ መቼ እንደምንወጣ የሚያውቅ፣ ከቀረን የሚጮህልን ሰው» አለች።

ሉዊካ ቅርጫቷን አንሥታ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች።

ሁለት ማለዳ ወርደው ሁለት ጊዜ ተመለሱ። አንዱን ቀን ሞገዱ ጠጠሩን ሲያንገጫግጭ ገና ከሩቅ ሰሙት። ሌላውን ቀን ውሃው ውስጥ ሁሉ ገብተው ሞገዱ ሊገፋት ሲጀምር ማፑዋና ከዋሻው አፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ወጣች። ዋሻውን ቀርባ እያየችው ትታው መውጣቷ ሃናሌን አናደደውና ድንጋዩን በጡጫ መታ፤ እሷ ግን «ነገም ባሕሩ እዚሁ ነው» አለችው። ያ ጽናት ከየት መጣላት? ከአባቷ ነው እንዳልል፣ አባቷ መመለስ ሲገባው አልተመለሰም።

በሦስተኛው ሙከራ ማለዳ ባሕሩ ተኝቶ ነበር። ልጆቹ ሲሊንደራቸውን ተሸክመው ሊወጡ ሲሉ ሉዊካ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ቅርጫቷን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ አገኟት።

«የት ነው የምትሄዱት?» አለች።

ሃናሌ ሲሊንደሩን መልሶ አስቀመጠ። ከእናቱ አፍ ያን ጥያቄ በዕድሜው ሰምቶት አያውቅም።

«ንገሪኝ እንጂ!» አለች ሉዊካ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። «የት ነው የምትገቡት? መቼ ልጠብቃችሁ?»

ማፑዋና አንድ በአንድ ነገረቻት፤ የትኛው ዳርቻ፣ የትኛው ዋሻ፣ ፀሐይዋ የቱ ድንጋይ ላይ ስትደርስ እንደሚወጡ። ሉዊካ ደጋግማ አጠናችው። ሁለት ዓመት ባሕሩን በጨርቅ የጋረደች ሴት ጠጠሩ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ውሃው ላይ ተከለች።

ማፑዋና በገመዷ እየተመራች ጨለማው ውስጥ ገባች። ዋሻው ጠበበ፤ ሲሊንደሯ ጣሪያውን ፋቀው። የመግቢያ አየሯ ሊያልቅ ሲል ዋሻው ወደ ላይ ታጠፈና ራሷ ከውሃ ወጣ። በድንጋዩ ስንጥቅ አየር የሚገባበት ደረቅ መደብ ነበር። ፒሊፖ እዚያ ላይ በጎኑ ተኝቷል... አጥንቱ። ከራስጌው መነጽሩ፣ ቢላዋውና መብራቱ አንድ ላይ ተጠፍረው፣ ሁለቴ ተጠምዝዘው፣ ተቋጥረው ከድንጋዩ ጉጥ ላይ ተሰቅለዋል።

ወዲያው ገባት። ማዕበሉ ጫማውን ነጥቆ ወደ ውስጥ ገፋው እንጂ አልገደለውም። መመለሻ አየር አጥቶ እዚህ ወጥቶ ተቀመጠ። እነሱ ሰሜኑን ሲያስሱ እሱ እዚህ ይጠብቃቸው ነበር! ሁለት ዓመት ሙሉ እውነቱ ከእኔ ጋር ነው ስትል ኖራለች፤ እነሆ እውነቱ ከእሷ ጋር ነበር። ምን ያደርግላታል? እንዲህ ያለውን እውነት ለማን ታሳየዋለች? አጥንቱን በነጭ ጨርቅ በክብር ጠቀለለች፤ የመነጽሩንና የቢላዋውን ቋጠሮ ግን እናቷ እንዳታየው ከራሷ ቦርሳ ሥር ቀበረችው።

ፀሐይዋ ድንጋዩ ላይ ሳትደርስ ሁለቱም ወጡ። ሉዊካ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ገብታ ተቀበለቻቸው። ባሏን እኛ ለክብር በምንጠቀምበት ሰፊ የቲ ቅጠል ሸፍና ቅርጫቱ ውስጥ አስተኛችው፤ እንደ ሕፃን ታቅፋውም ቤት ገባች። ያን ዕለት አለቀሰች፣ ዘመረች፣ ልጇንም ሳመቻት። እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት!

አመሻሹ ላይ ግን ዕቃችሁን አለቅልቅላችኋለሁ ብላ ተነሣች። ተዪ ቢሏት «አባታችሁ ዕቃው ሳይለቀለቅ አያድርም ነበር» አለች። ማፑዋና ሮጣ ስትደርስ የቦርሳው ሥር ተገልብጧል፤ እናቷ ቋጠሮውን መዳፏ ላይ ይዛዋለች።

«ይህን ለመቋጠር ጊዜ ነበረው» አለች ሉዊካ ቀስ ብላ።

«እማ...»

«ጠብቆናል። የምንመጣ መስሎት ሰቅሎታል። ያን ዕለት ዝም ባላሰኝሽ...»

ማፑዋና ይህን ቃል ለመስማት ሁለት ዓመት ተርባ ነበር። ሲመጣ ግን አልቻለችም። ተንበርክካ የእናቷን አፍ በእጇ ከደነች። «አፍሽን በቁርጥ ብይ፣ እማዬ! አፍሽን በቁርጥ ብይ!» ተቃቅፈው መሬት ላይ ወደቁ፤ ልቅሷቸው ከአጥሩ ወዲህ ለእኛ ተሰማን።

ፒሊፖ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀበረ። ሉዊካም ብዙ አልቆየች። መጨረሻዋ ሲደርስ የጋረደችውን ጨርቅ ከመስኮቱ አስወረደች፤ ባሕሩ ወለል ብሎ ታየ። ማፑዋና እጇን ይዛ፣ ትንፋሽዋ ሲያጥር፣ ከልቧ ይሁን ከልማዷ ማን ያውቃል፣ «እማዬ፣ የት ነው የምትሄጂው?» አለቻት።

ልሸራሸር ነው አላለችም። «ወደ አባትሽ» አለች ሉዊካ። «አጥሩ ሥር፣ በቀኙ በኩል። አትፈልጉኝ፤ የት እንዳለሁ ታውቃላችሁ።» ከዚያም ዓይኗን ጨፈነች።

ዕጣ ነው እንበል ይሆን? ሰው የፈራውን እንዳይጠራ አፉን ሲዘጋ ይኖራል፤ የተዘጋው አፍ ራሱ የሚገድለው ቀን ሲመጣ ማንን ይከሳል? እኔ አላውቅም፤ የእነሱ ጎረቤት እንጂ ፈላስፋ አይደለሁም። ብቻ ከዚያ ወዲህ መረቤን ተሸክሜ ስወጣ ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ የት ትሄዳለህ ትለኛለች፤ እኔም ዳርቻውን በስሙ ጠርቼ እነግራታለሁ። ዓሣው ከሰማም ይስማ።