በከንፈር ጥግ ያመለጠ ትንፋሽ

ትራምፔት ነፊው ነጋ ቡፎርድ ሃይዌይ በሚባለው ጎዳና ላይ፣ ከፈትያ ሱቅ ጀርባ ባለው ደረጃ ሥር አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። ደረጃው ፎቅ ላይ ወዳለው የባንዱ መለማመጃ ክፍል ይወስዳል። ሬሳውን ያገኘችው ሚስቱ አፀደ ናት። ፖሊስ ደግሞ ባልና ሚስት ተጣልተው እንደነበር ከሰማ ሌላ ነገር አይሻም፤ በወጉ እንኳ ሳታለቅስ ከበቧት።

መርማሪ የምሥራች ግን የምትቸኩል ሴት አይደለችም። መጀመሪያ የሱቁን ባለቤት ፈትያን ጠየቀች።

«እስከ ስንት ሰዓት በሕይወት ነበር?»

«አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሲነፋ ሰምቻለሁ። ያቺን ረጅም ድምፅ ይዞ፣ ይዞ... ሪሊ፣ ልክ እንደ ድሮው! ትራምፔቱ ዝም እንዳለ ጋሽ ፊልጶስ ሱቅ ገባ። አፀደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥታ እስክትጮህ ድረስ እዚሁ ሻይ ሲጠጣ ነበር። እኔም ቀኑን ሙሉ ከካውንተሩ አልተነሣሁም፤ ደንበኞቼን ጠይቂ።»

ፊልጶስ ዳውንታውን ታክሲ ይነዳል። ከሰባት ዓመት በፊት ግን ከነጋ ጎን ቆሞ ትራምፔት ይነፋ ነበር።

«ለምን ተዉት?» አለችው የምሥራች።

«ከንፈሬ ከዳኝ፤ አየሩ በጎን ያመልጥ ጀመር። ነጋ በሰው ፊት ‹ፍስስ› እያለ እኔን እያስመሰለ አሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ነክቼው አላውቅም፣ ልጄ።»

ሰባት ዓመት ያስቆጠረው ቂም ፊቱ ላይ ገና ትኩስ ነበር። የምሥራች ላይኛው ከንፈሩን ትኩር ብላ አየችው።

ከዚያ አፀደን ለብቻዋ አነጋገረች።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉኝ፣ እትዬ አፀደ።»

«በሽታህን ለባንዱ ንገራቸው ብዬ ነው። አምስት ወሩ ነው። ሲያወራ ደህና ነው፤ ትራምፔቱን ሲያስጠጋ ግን የከንፈሩ ጡንቻ ይኮማተርና አንዲት ድምፅ እንኳ አትወጣለትም። ሐኪሙ የነርቭ ነው አለ። እሱ በር ዘግቶ ይታገላል፤ ለሰው ‹ጥርሴን አሞኝ ነው› ይላል።»

የምሥራች ሦስቱንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አፀደ አጠገብ ካቴና የያዘ ፖሊስ ቆሟል።

«አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የነፋው ነጋ አይደለም» አለች። «ከንፈሩ አይችልም ነበር። የነፋው፣ ነጋ ያኔ በሕይወት ያለ እንዲመስል የፈለገ ሰው ነው። መታመሙንም አያውቅም። ስለዚህ እትዬ አፀደ አይደሉም። ፈትያ ከካውንተሯ አልተነሣችም። ጋሽ ፊልጶስ፣ ሰባት ዓመት ትራምፔት ያልነካ ሰው ከንፈሩ ላይ ይሄ ክብ ምልክት ምን ይሠራል? በየቀኑ ብረት የሚያርፍበት ከንፈር እኮ ነው።»

ፊልጶስ አንገቱን አልደፋም።

«ታክሲዬ ውስጥ ነው የተለማመድኩት። እንደ ሕፃን ከአንዲት ድምፅ ጀምሬ፣ ሰባት ዓመት! ዛሬ መጥቼ ‹ወንድ ከሆንክ እንወዳደር፤ አንተ ጀምር› አልኩት። ደረጃው አፋፍ ላይ ቆሞ ትራምፔቱን አነሣና ‹ፍስስ› አደረገብኝ። ያንኑ ፌዙን! ገፈተርኩት። ከዚያ እሱ ታች እንደወደቀ በራሴ ትራምፔት ነፋሁለት። አይቆጨኝም!»

አፀደ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«አላሾፈብህም፣ ፊልጶስ። የምሩን ነፍቶ ነው። የሚወጣለት ያ ብቻ ነበር።»

የፊልጶስ እጅ ወደ ከንፈሩ ሄዶ እዚያው ቀረ። ፖሊሱ ካቴናውን ለማጥለቅ እጁን እንዲሰጠው ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነበረበት።