በፍሪ የወረደችው ፒካፕ

ጋሽ ሸረፈዲን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት፣ ከአንድ ጠባብ ኩርባ በታች፣ በአሮጌዋ ነጭ ፒካፓቸው መሪ ላይ እንደተደፉ ሞተው ተገኙ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ከባድ መኪና ነድተው፣ በስተርጅና ፒያሳ አጠገብ የሹፌር ማሠልጠኛ የከፈቱ ሰው ናቸው። ያንን ቁልቁለት እንደ ቤታቸው ደጃፍ ያውቁታል። ስለዚህ ወሬው ከሬሳው ቀድሞ ደሴ ገባ፦ ፍሬን ነው! ፍሬኑን ከሁለት ቀን በፊት ያደሰው ደግሞ ከማሠልጠኛው ጎን ጋራዥ ያለው መካኒክ ጸጋው ነበር። ሳይውል ሳያድር ታሰረ።

ኢንስፔክተር አትጠገብ ግን ወሬ ከቀደማት ነገር ጋር መስማማት የማይሆንላት ሴት ናት። ገደሉን ግማሹን በእግሯ፣ ግማሹን በመቀመጫዋ ወርዳ ፒካፗ ዘንድ ደረሰች። የፍሬኑ ቧንቧ ተበጥሷል፤ ድንጋይ ይበጥሰው ሰው መለየት አይቻልም። የጋሽ ሸረፈዲን ቁስል ማጅራታቸው ላይ ነው። የግራ ጉልበታቸው ከሱሪያቸው ሥር በፋሻ ተጠቅልሏል። እጇን ሰድዳ የማርሹን ዘንግ ነካችው፤ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘላት። ማርሽ አልገባም፤ መኪናዋ ፍሪ ናት።

አትጠገብ በቀጥታ ወደ እስረኛው ሄደች።

«ሐረጎን በፍሪ ይወርዱ ነበር እንዴ?»

ጸጋው ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «በፍሪ? ጋሽ ሸረፈዲን? ‹ቁልቁለት ላይ የሚይዝህ ሞተሩ ነው፤ ሁለተኛ አስገባና ፍሬንህን አሳርፈው› እያሉ ነው እኮ አገሩን ሁሉ ያስተማሩት! አውቶማቲክ መኪና የጠሉትም ለዚህ ነው። ‹እኔ ልንዳት እንጂ እሷ ትንዳኝ?› ይላሉ።»

«ጉልበታቸውን ምን ሆነው ነው?»

ያ ሁሉ ወኔ በአንዴ ጠፋ። «ስለ ጉልበት... አላውቅም» አለ ጸጋው፣ ወለሉን እያየ።

«ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለህ። ሰው በመግደል ነው የምትጠየቀው።»

«አውቃለሁ» አለ። አትጠገብ ተናደደች። ውሸት የማይችልበት ሰው ሲዋሽ ማየት ያናድዳታል።

የሟች ልጅ ከሪማ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው። አባቷ በሞቱበት ቀን ሐርቡ ሰርግ ላይ እንደዋለች መንደሩ በሙሉ ይመሰክርላታል። አትጠገብን ስታይ ገና ከበሩ «ያንን መካኒክ ስቀሉልኝ!» አለቻት።

«ከአባትሽ ጋር ትገናኙ ነበር?»

ከሪማ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ሦስት ወር ተኳርፈን ነበር። አርጅተሃል፣ እንደኔ አውቶማቲክ ግዛ አልኩት። ‹ካምቢዮ የሌለው ደግሞ መኪና ነው?› ብሎ ሳቀብኝ። እኔም በአውቶማቲክ ነድተህ ደጄ ካልመጣህ ዓይንህን አላይም አልኩት። ወላሂ፣ ንዴት ነበር ያናገረኝ።»

ሦስተኛው ሰው ሁዘይፋ ነው፤ የጋሽ ሸረፈዲን የእህት ልጅና የማሠልጠኛው ዋና አሠልጣኝ። ትሁት ሰው ነው፤ ወንበሩን በእጁ ጠርጎ አስቀመጣት።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከበር ሸኘኋቸው። ከሪማን ሐርቡ ድረስ ሄደው ሊታረቋት ነበር።»

«ማን ነበር የሚነዳው?»

«ራሳቸው ናቸዋ! ብቻቸውን። አንደኛ አስገብተው፣ ሁለተኛ ቀይረው ሲታጠፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ወላሂ፣ እንደ ጎረምሳ ነበር የሚነዱት።»

አትጠገብ አመስግናው ወጣች። ከዚያ የጋሽ ሸረፈዲንን ጉልበት በፋሻ የጠቀለለውን ሐኪም ፈልጋ አገኘች፤ ሁለት ሠልጣኞችንም አነጋገረች።

በማግስቱ ጠዋት፣ ፍርድ ቤት ሊከፈት አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ሦስቱን በማሠልጠኛው ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ጸጋው እጁ በካቴና እንደታሰረ ነው። ከሪማ ፊቷን አዙራበታለች።

«ፒካፗ የወደቀችው በፍሪ ነው» ብላ ጀመረች አትጠገብ። «ጋሽ ሸረፈዲን ሐረጎን በፍሪ አይወርዱም። መኪና ገፍቶ ገደል የሚከት ሰው ግን ማርሽ ውስጥ ከሆነች አትንቀሳቀስለትም፤ ግድ ፍሪ ያደርጋታል።»

«ታዲያ ጸጋው ገፍቷት ይሆናላ» አለ ሁዘይፋ።

«እኔም አስቤው ነበር። ግን ጸጋው የሚያውቀው፣ አንተ የማታውቀው ነገር አለ። የጋሽ ሸረፈዲን ግራ ጉልበት ካበቃለት ሁለት ወሩ ነው። ሐኪማቸው እንደነገረኝ ፍሪሲዮን ይቅርና ደረጃ መርገጥ አይችሉም ነበር። ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ማርሽ አይቀየርም። እስቲ ንገረኝ፤ አንደኛና ሁለተኛ ሲያስገቡ ያየኸው በየትኛው እግራቸው ረግጠው ነው?»

ሁዘይፋ ከንፈሩን ላሰ። «እዚህ ቢሮ... ደህና ነበሩ።»

«ተቀምጠው ነዋ! አንተ ቀኑን ሙሉ መለማመጃ ሜዳ ነህ። ጉልበታቸውን የሚያውቅ ሰው ቢገድላቸው መሪ ላይ አያስቀምጣቸውም፤ ማንም አያምነውማ። ያንን ያደረገው አሁንም ይነዳሉ ብሎ የሚያስብ ሰው ነው።» ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «እነዚህ ሁለት ሠልጣኞች መንዳት እንደቻሉ በጋሽ ሸረፈዲን ፊርማ ተመስክሮላቸዋል። ጠየቅኳቸው፤ ካምቢዮ ጨብጠው አያውቁም። ፊርማውን ያስመሰልከው አንተ መሆንህንም ነግረውኛል።»

«አጎቴን ለመንኳቸው!» ሁዘይፋ ጮኸ። «‹ሳይችሉ መንገድ ላይ ለቀቅካቸው፤ ሰው ይጨርሳሉ፤ ነገ አመለክትሃለሁ› አሉኝ። የእህታቸው ልጅ ነኝ እኮ! ገፋ ባደርጋቸው ከብረት ሣጥኑ ጋር ተላተሙ...»

«ከዚያ ያን ቀን የወረደውን ጉም ተገን አድርገህ ሐረጎ ወሰድካቸው። እዚያ ስትደርሱ ትንፋሽ ነበራቸው?»

ሁዘይፋ ጀርባውን ለከሪማ ሰጠ። እሷም ነገሩ ገባት፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች።

ፖሊሶች ሁዘይፋን ይዘውት ወጡ። የጸጋውም ካቴና ተፈታ። አትጠገብ ወደ ጸጋው ዞር አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ሞት እስኪፈረድብህ ነበር ዝም የምትለው?»

«በማተቤ አስምለውኛል» አለ ጸጋው። «‹ከሪማ እንዳትሰማ፤ እውነቴን ነበር ብላ ትስቅብኛለች› ብለው። ሠራተኛው ሲበተን ፒካፗን ነድቼ ቤታቸው የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ። እሁድ እሁድ ደግሞ...»

«እሁድ ምን?» አለች ከሪማ ከወለሉ ላይ።

«ገራዶ መንገድ ላይ በአንድ ደንበኛዬ መኪና እንለማመድ ነበር። በአውቶማቲክ። ግራ እግር አይፈልግማ።»

ከሪማ ቀና አለች። «አወቀበት?»

«ሜዳውን አሳምረው። የቀራቸው ቁልቁለቱ ነበር። ‹ይሄ ካምቢዮ የለው፣ ሐረጎ ላይ ምኑን ልያዝ?› ይሉኛል። ሁለት እሁድ ስጠኝ፣ ከዚያ ደጇ ድረስ እነዳለሁ ብለው ነበር።»

ከሪማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አለች፣ «ወላሂ አላወቅኩም፣ አውፍ በለኝ።» ለጸጋው ይሁን ለአባቷ፣ አትጠገብ መለየት አልቻለችም።