የጋሽ ያሕያ ጉማሬ

ጋሽ ያሕያ ሳልህ የሞቱት ረመዳን በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ጾማቸውን ፈትተው ብዙም ሳይቆዩ፣ ከአንዲት ጉማሬ የአጥንት ስባሪ ፊት ተንበርክከው ነው። ጉማሬዋ ሦስት ሚሊዮን ዓመት ቀድማቸው ስለሞተች እሷን የጠረጠረ አልነበረም።

ኢንስፔክተር ሙሀባ ኸድር በማግስቱ ማለዳ ከሸዋ ሮቢት በባጃጅ ስትደርስ ጀናዛው ገና አልታጠበም። ሙሀባ የካራቆሬ የሽንኩርት ነጋዴ ልጅ ናት። ጓዳውን ከፍታ እንደገባች ሽታውን ለየችው፤ ለሽንኩርት የሚረጨው የተባይ መድኃኒት ነው። የጤና ጣቢያው ባለሙያም የሟቹ የዓይን ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሎ፣ አፋቸው አረፋ ደፍቆ አይቶ «መርዝ» ብሎ ጽፏል።

በጓዳው ውስጥ ግን ጠርሙስ የለም። ኩባያም የለም። ያለው አፉ የተፈታ ጆንያ፣ የተጻፈበት ወረቀትና ሃያ ሦስት የድንጋይ ስባሪ የሚመስል ነገር ነው። ዘጠኙ በስተቀኝ ጨርቅ ላይ በሥርዓት ተደርድረዋል። አራቱ በስተግራ እንደ ነገሩ ተጥለዋል። የቀሩት ከጆንያው አልወጡም። ከጆንያው ሥር ምስጥ ረግፏል።

ሙሀባ ጎንበስ ብላ የሟቹን አፍ ከፈት አደረገች። ምላሳቸው ላይ አፈር አለ።

በውጭ ሰፈሩ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ጋሽ ያሕያ ሃያ ዓመት ሙሉ ቦረቦሩን ሲያስሱ ኖረው፣ ፍየል የምታክለውን ጉማሬ ያገኙት እሳቸው ናቸው። ግኝቱ ባለፈው ሳምንት በሳይንስ መጽሔት ታትሞ ሲወጣ ሰባት ስሞች ነበሩበት፤ ሁለቱ ባለስሞች ቆላ ወርደው አያውቁም። የጋሽ ያሕያ ስም የለም። ለእሳቸው አንድ ኃላፊ መጥቶ፣ አርባ ደቂቃ ስለ ሰው ዘር መገኛ ንግግር አድርጎ፣ ኮፍያ ሸልሟቸው ሄዷል። ኮፍያው ይጠባቸዋል። እናም ሰፈሩ «ስሙ ቢቀርበት ጊዜ ጠጣ» እያለ ያንሾካሹካል።

ባለቤታቸው እትዬ አሪፋ ይህን ሰምተዋል። ሙሀባን ክንዷን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዷት።

«ልጄ፣ ማን ገደለው አልልሽም። ራሱን እንዳልገደለ ብቻ ንገሪኝ። ሠላሳ ዓመት አብሬው ሰግጃለሁ። በወዲያኛው ዓለም፣ አኺራ ላይ እንዳልለየው።»

ሙሀባ ቃል አልገባችም። ስለ ኢፍጣሩ ጠየቀች። ቴምሩንም ሾርባውንም ሳምቡሳውንም ከአንድ ትሪ አራት ሰው እንደበላው እትዬ አሪፋ ነገሯት፤ ባልና ሚስቱ፣ የባል ወንድም በድሩ፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣው መምህር ደምሴ። ከዚያ ጋሽ ያሕያ እንደ ልማዳቸው ጓዳ ገብተው በሩን ዘጉ።

«ለምን ይዘጋሉ?»

«አልጠየቅኩትም። የወንድ ልጅ ሚስጥር አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ምን አለበት? እኔ በዚያ ጓዳ ጠቤ ከምስጥ ጋር ነው። አምና ጆንያውንም፣ የት የት እንዳገኘው የጻፈበትንም ወረቀት በላበት። ደምሴ ቦታው ያልታወቀ አጥንት ዋጋ የለውም አለው። እንደ ሕፃን አለቀሰ።»

በድሩ ሽንኩርት አምራች ነው። አጥንቱ የሚወጣበትን መሬት አርሶ ሊተክልበት ፈልጎ ከወንድሙ ጋር ሁለት ዓመት ተኳርፎ፣ የታረቁት ረመዳን ሲገባ ነው። ሙሀባ መጋዘኑ ውስጥ የመድኃኒቱን ጠርሙስ አገኘችው። ማሸጊያው ገና የተቀደደ፣ ሲሶው የጎደለ ነው። የት እንደሄደ ስትጠይቀው ሽንኩርት ላይ እንደረጨው ነገራት።

«የትኛው ሽንኩርት ላይ፣ ጋሼ በድሩ? ማሳዎ ከተነቀለ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።»

በድሩ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ፊቱን አዙሮም ከመጋዘኑ ወጣ።

የደብረ ሲናው ልጅ ደምሴ በዚያ ሐሩር ኮቱን ሳያወልቅ ተቀምጦ ነበር። ስለ ጋሽ ያሕያ ስም መቅረት ስትጠይቀው አሠራሩ አይፈቅድም አላት፤ አሠራሩን ማን እንዳወጣው ስትጠይቀው ላቡን ጠረገ። ስለ ጉማሬዋ ሲሆን ግን ፊቱ በራ። የዛሬው ጉማሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ የቅርብ ዘመዱ ዓሣ ነባሪ መሆኑን፣ ይህ አቧራ የሚያስነሳ ሜዳም ያኔ ሐይቅ እንደነበር አስረዳት።

ሙሀባ በወረቀት ጠቅልላ የያዘችውን አንድ ስባሪ አውጥታ አጥንት ይሁን ድንጋይ እንዲለይላት ሰጠችው። ደምሴ አገላበጠው፤ ሳያስበውም ወደ ከንፈሩ አስጠጋውና ባነነ። ሙሀባ ከእጁ ነጠቀችው። በምን እንደሚለይ ስትጠይቀው «በልምድ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሙሀባ እትዬ አሪፋን ብቻቸውን ልታነጋግራቸው ፈለገች። አሮጊቷ እንቢ አሉ። «ሐሜቱ በአደባባይ ነው የተወራው። መልሱም በአደባባይ ይሁን።» ስለዚህ በግቢው ማንጎ ጥላ ሥር በድሩ፣ ደምሴና ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ኃላፊውም መጥቶ ነበር፤ ንግግር አዘጋጅቷል፣ ግን ማንም አልጋበዘውም።

ሙሀባ ቆማ ጀመረች። ጋሽ ያሕያ ቀኑን ጾመው ውለዋል፤ ከመግሪብ በፊት አፋቸው የገባ ነገር የለም። ከትሪው አራት ሰው በልቶ ሦስቱ ጤነኛ ናቸው፤ ስለዚህ መርዙ ምግቡ ውስጥ አልነበረም። የቀረው ጓዳው ነው።

«ጓዳ ውስጥ ጠጥተው ቢሆን ኖሮ» አለች ሙሀባ «የጠጡበት ዕቃ አጠገባቸው ይገኝ ነበር። የሞተ ሰው ጠርሙስ ከድኖ ወንድሙ መጋዘን አይመልስም። ምላሳቸው ላይ ደግሞ አፈር ነበር። ዘጠኝ ቀኝ፣ አራት ግራ፤ እየለዩ ነበር። በምን እንደሚለዩ አንተ ንገረን፣ ደምሴ። አሁን ዝምታህ እሳቸውን አይጠቅምም።»

ደምሴ ተነሳ። እትዬ አሪፋን ማየት አቃተው።

«በምላስ ነው። አሮጌ አጥንት ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው ምራቅ ይመጥጣል፣ ምላስ ላይ ይጣበቃል። ድንጋይ አይጣበቅም። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ቢስሚላህ ያልተባለበትን የበክት አጥንት ይልሳል እንዳይባሉ አስማሉኝ። በተለይ እትዬ አሪፋ እንዳይሰሙ።»

በሌላ ጊዜ ቢሆን የሦስት ሚሊዮን ዓመት በክት ሐራም ነው አይደለም የሚለው ጥያቄ ሦስት ሼኾችን አንድ ሳምንት ያከራክር ነበር። ያን ቀን ግን የሁሉም ዓይን ሙሀባ ላይ ነበር።

ሙሀባ ቀጠለች። በረመዳን ቀን ቀን መላስ ስለማይቻል፣ ጋሽ ያሕያ የለቀሙትን ሁሉ ለማታ ያጠራቅሙት ነበር፤ ከኢፍጣር በኋላ በር ዘግተው አንድ በአንድ ይቀምሱታል። ምራቅ የሚመጥጥ አጥንት ደግሞ ያፈሰሱበትን ሁሉ ይመጥጣል። ሽታው አላስጠነቀቃቸውም፤ ጆንያው ከበድሩ መጋዘን የመጣ ነው፣ ድሮም ይሸታል። አሥራ ሦስተኛው ላይ አቅም ከዳቸው።

«የረገፈው ምስጥ ግን አጥንት አይልስም» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «መድኃኒቱ ለእሱ የፈሰሰ ነው። ጋሼ በድሩ፣ ጠርሙሱን ማን እንደወሰደው ያውቃሉ። ያን ሰው በክፉ ጠርጥረውት፣ አሳልፌ አልሰጥም ብለው ዝም አሉ። ጥርጣሬዎ ስህተት ነው። ያፈሰሰው ሰው ስለ ምላሱ ነገር አያውቅም ነበር።»

በድሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ አሪፋ።

ሰው ሁሉ ዞረ። አሮጊቷ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«ለምስጡ ነው። ዘንድሮም ወረቀቱን እንዳይበላበት። ቦረቦር ሲወርድ ጠብቄ ጆንያው ላይ አፈሰስኩት። ሲመለስ ሳይነግሩት ደኅና ሆኖ እንዲያገኘው ብዬ።»

ሙሀባ አጠገባቸው ሄዳ ተንበረከከች። እትዬ አሪፋ ግን ከእሷ ማጽናኛ አልፈለጉም።

«እንግዲያ እሱ አልጠጣም።»

«አልጠጡም፣ እትዬ።»

«ራሱን አልገደለም።»

«አልገደሉም።»

እትዬ አሪፋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

መድኃኒቱን ያፈሰሱበትን እጃቸውን ያዩት ከዚያ በኋላ ነው።